ውሃ የዋጠው መንደር እንዴት ይጠናል? ከማጠራቀሚያው በርሜል የሚጀምር መመሪያ

በ1854 መባቻ፣ አውሮፓ በብርድ በተኮማተረችበት ወቅት፣ የዙሪክ ሐይቅ ውሃ እጅግ ጎደለ። ኦበርማይለን በምትባለው የሐይቅ ዳር መንደር ነዋሪዎች አጋጣሚው ሳያመልጣቸው መሬታቸውን ወደ ሐይቁ ለማስፋት ጭቃ መዛቅ ያዙ። ከጭቃው ሥር ግን ጥቅጥቅ ብለው የተተከሉ ቋሚ እንጨቶች፣ የድንጋይ መጥረቢያና ከቀንድ የተሠራ እጀታ ወጣ። የአካባቢው መምህር ዮሐንስ ኤፕሊ ነገሩን ዙሪክ ላለው የጥንታዊ ቅርስ ማኅበር አሳወቀ፤ የማኅበሩ መሪ ፈርዲናንድ ኬለርም በዚያው ዓመት ግኝቱን አሳተመ፣ ወሬውም አውሮፓን አዳረሰ። ዛሬ በአልፕስ ተራሮች ዙሪያ ወደ 1,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ መንደሮች ይታወቃሉ። ከነዚህ 111ዱ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስሎቬኒያ ይገኛሉ። ዕድሜያቸው ከ5000 እስከ 500 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ይደርሳል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት በሙሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰው ስለዚህ ሥራ ሲሰማ መጀመሪያ የሚታየው ጠላቂው ነው፦ መነጽር፣ የአየር ጋን፣ አረንጓዴ ውሃ። እኔ በሥራው ካሳለፍኩት ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ደረቅ መሬት ላይ፣ በወንፊትና በባልዲ መሃል ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከኋላ እጀምራለሁ። ቁፋሮ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሐይቁ ውስጥ አይደለም። የሚበላሸው የወጣው ነገር ማረፊያ ሲያጣ ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ውሃው ለምን ጠበቀው?

እንጨት የሚበሰብሰው ሻጋታና ነፍሳት ስለሚበሉት ነው፤ እነዚህ ደግሞ አየር ይፈልጋሉ። ደለል የሸፈነው ውሃ የጠገበ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በደረቅ መሬት ላይ በጥቂት ዓመት ውስጥ አፈር የሚሆነው ገመድ፣ ቅርጫት፣ ጨርቅ፣ ቅጠልና የፍራፍሬ ፍሬ እዚያ 5,000 ዓመት ይቆያል። ጭቃው ሲገለጥ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ እያያችሁት ይጠቁራል። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ «ቆይ፣ ነገ እናየዋለን» አይልም።

ውሃ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአልፕስ ሐይቆች ግርጌ ኖራ የበዛበት ነጭ ደለል ስላለው እንጨቱም አጥንቱም ይተርፋል። በአሲዳማ ረግረግ ግን አጥንት ይሟሟል፣ ቆዳ ይተርፋል። በ1950 ዴንማርክ ውስጥ የተገኘው የቶሉንድ ሰው የፊት ቆዳው፣ እስከ ጺሙ ድረስ፣ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። የምትሠሩበት ውሃ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቀድማችሁ ካላወቃችሁ፣ «አጥንት አላገኘንም» ብላችሁ «ሥጋ አይበሉም ነበር» ወደሚል መደምደሚያ ልትሄዱ ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ፈቃድ አውጡ፣ ጥያቄያችሁን ጻፉ

ያለ ፈቃድ አንዲት ቋሚ እንኳ አትነቅነቁ። በ2001 የወጣው የዩኔስኮ የውሃ ውስጥ ቅርስ ስምምነት የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ የሚያስቀምጠው ቅርሱን ባለበት መጠበቅን ነው፤ ቁፋሮ የሚመጣው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። በአገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋንና ቁፋሮን ይከለክላል። የሐይቅ ግርጌም ከዚህ ውጭ አይደለም።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከ1868 ጀምሮ ስዊዘርላንድ የዩራ አካባቢ ወንዞችን አቅጣጫ ስታስተካክል የቢል፣ የኖይሻቴልና የሙርተን ሐይቆች ውሃ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ወረደ። በሺህ የሚቆጠሩ ቋሚዎች ከነጭቃቸው ታዩ፤ ሰብሳቢዎችም አካፋ ይዘው ወረዱ። ዛሬ በሙዚየሞች ያለው አብዛኛው የዚያ ዘመን መጥረቢያና ማሰሮ ውብ ነው፣ ግን ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «መንደሩ ስንት ዓመት ኖረ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «ምን አለ?» ግን ጥያቄ አይደለም፣ ጉጉት ነው። አንዳንዴ ጥያቄውን የሚመርጠው ግንባታ ነው፦ በ2010 ዙሪክ ኦፔራ ቤት አጠገብ ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ የጥንት የሐይቅ ዳር መንደሮች ተገኙ፣ አርኪዮሎጂስቶቹም ግንበኞቹ ከኋላቸው ቆመው ወራት ብቻ ነበራቸው። 5,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የፖፕላር እንጨት በር፣ ማጠፊያው ሳይቀር፣ የወጣው ከዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ ማጠራቀሚያውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬዋለሁ።

ስሙን በማላነሳው አንድ ቁፋሮ ላይ ከጠዋቱ ሥራ የወጣች አንዲት የኦክ ዛፍ ቁራጭ፣ እንደ አምባሻ ክብ፣ አራት ጣት ውፍረት ያላት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ምሳ በላሁ። ፀሐይ ነበረ። ስመለስ ከመሃሏ እስከ ጠርዟ ተሰንጥቃለች፣ የውጭው ነጩ እንጨት ደግሞ እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ወድቋል። የተቆረጠበትን ዓመት የሚነግረን ያ የወደቀው ክፍል ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ 5,000 ዓመት የቆየ መረጃ በእጄ ጠፋ።

የዚህ እንጨት ሴሎች ውስጣቸው ተበልቶ ቅርጻቸውን የያዘላቸው ውሃው ብቻ ነው። ውሃው ሲተን ይጨማደዳሉ፣ መልሳችሁ ብትዘፈዝፉትም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት እነዚህ ይሟሉ፦ ክዳን ያላቸው በርሜሎችና ሰፋፊ ሳፋዎች፣ ንጹሕ ውሃ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ፣ ለትንንሽ ነገሮች ማቀዝቀዣ፣ ሁሉንም የሚያኖር ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል። ብርሃን ካገኘ አልጌ ያበቅላል። ሻጋታን ፈርታችሁ ኬሚካል አትጨምሩ፤ በኋላ ዕድሜ የሚለካበትን የካርቦን 14 ምርመራ ያበላሽባችኋል። ውሃውን መቀየር ይበቃል።

ምን ያህል በርሜል? በቀን ለማውጣት ካሰባችሁት እጥፍ አስቡ። በርሜል ሲሞላ ቁፋሮው ይቁም። ይህን ደንብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ተናገሩ፤ ጠላቂዎቹ ሲያጉረመርሙም አትለውጡት።

ደረጃ 3፦ ፈልጉ፣ ከዚያ ቱቦ ትከሉ

ፍለጋው ከአሮጌ ካርታ፣ ከአየር ፎቶና ከዓሣ አጥማጆች ይጀምራል። ዓሣ አጥማጅ መረቡ የሚጠመድበትንና የሚቀደድበትን ቦታ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀድደው የቆመ እንጨት ነው። ውሃው ዝቅ ባለበት ወቅት ዳር ዳሩን በእግር፣ ከዚያ ወዲያ ገመድ ዘርግታችሁ በዋና እየሄዱ ማየት። ስዊዘርላንድ ውስጥ የውሃ ሥራ በአብዛኛው በብርድ ወራት ነው የሚሠራው፤ አልጌ ስለማይበዛና የሽርሽር ጀልባ ስለማይኖር ውሃው ይጠራል። ዋጋው ብርድ ነው። ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከ5 ሜትር አያልፍም፣ ጠላቂው ሰዓታት ይቆያል፤ ውሃ የማያስገባ ልብስ የግድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትርን ካለፋችሁ ደግሞ የከፍታ ቦታ የጠለቃ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን) ተጠቀሙ። ዙሪክ ሐይቅ 406 ሜትር ላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እዚያ የሚጠልቅ ሰው በባሕር ሰንጠረዥ ከተመራ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ቋሚ ስታገኙ ወዲያው አትቆፍሩ። ቱቦ ትከሉ። ጭቃው ውስጥ ቀጭን ቱቦ እየወጋችሁ ናሙና አውጡ፣ በየ5 ወይም 10 ሜትሩ። ቱቦው ለሁለት ሲከፈት ነጭ፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ነጩ የሐይቅ ኖራ ነው፣ ውሃ የነበረበት ዘመን። ቡናማው ከሰል፣ የእንጨት ፍንካች፣ የእህል ገለባ፣ የእንስሳ ፋንድያ ያለበት የሰው ንብርብር ነው። የንብርብሮቹን ጥልቀት ካርታ ላይ ስታሰፍሩ የመንደሩ ስፋትና ስንት ጊዜ እንደተመለሱበት አንድ ጉድጓድ ሳትቆፍሩ ይታያችኋል።

ቱቦ ሐይቁ ራሱ ምን እንደደረሰበትም ይናገራል። ከጣና ግርጌ በወጡ ናሙናዎች ከደለሉ ሥር የረግረግ ሣር ቅሪት ተገኝቷል። ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሲሄዱ ያ ሁሉ ውሃ ደርቆ የደንገል ረግረግ የነበረበት ጊዜ እንዳለ የታወቀው በዚህ ነው። የሐይቅ ዳር እንደ አጥር ጸንቶ የሚቆም ነገር አይደለም፤ የጥንት ሰው የኖረበትን ዳር መጀመሪያ ማግኘት አለባችሁ።

ደረጃ 4፦ ፍርግርጉን ዘርጉ

ሐይቁ ግርጌ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ወይም የአልሙኒየም ፍርግርግ ይነጠፋል፤ ማዕዘኖቹ ከዳር ሆኖ በሚነበብ የቅየሳ መሣሪያ ይለካሉ። እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር አለው። ከዚያ በላይ ጠላቂው በተደራራቢ ፎቶ ያነሳዋል፤ ኮምፒዩተር ፎቶዎቹን አጋጥሞ ሦስት አቅጣጫ ያለው ምስል ይሠራል። በእጅ መሳልን ግን አትተዉ። ካሜራ የማያየውን እጅ ያውቃል፣ በተለይ ሁለት እንጨት ተደራርቦ የትኛው ከላይ እንደሆነ።

ደረጃ 5፦ ውሃ ውስጥ መቆፈር

እዚህ ትልቁ ጠላት የራሳችሁ እጅ ነው። ጭቃውን አንዴ ስትነኩት ውሃው ይደፈርስና የምትሠሩትን አታዩም። በዙሪክ የውሃ ውስጥ ቁፋሮን መሠረት ካስያዙት አንዱ የሆነው ኡልሪክ ሩፍና ባልደረቦቹ የተጠቀሙበት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ በላዩ ላይ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከጠላቂው ፊት አግድም ይቀመጣል፣ በፓምፕ ንጹሕ ውሃ ይገፋበታል፣ ከየቀዳዳው የሚወጣው ውሃ እንደ መጋረጃ ሆኖ ድፍርሱን ወደ አንድ ወገን ይነዳዋል። ኃይሉን በጣም ካበዛችሁት ዘሩንም ይዞት ይሄዳል። ጭቃው እጃችሁ ላይ እንደ ጢስ ቀስ ብሎ ሲርቅ ልኩ ያ ነው።

መቆፈሪያው እጅ ነው፤ ጣት፣ ከዚያ ትንሽ የግንበኛ ማንኪያ። በካሬና በንብርብር እየለያችሁ ጭቃውን ራሱን በባልዲ ወይም በክዳን ሳጥን አውጡ። በመምጠጫ ቱቦ እየሳባችሁ የምትጥሉት ከላይ ያለውን ባዶ ደለል ብቻ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ቋሚዎቹን ናሙና ማድረግ

የእነዚህ ሰዎች ቤት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቋሚ ይተከላል፣ በማገር ይያያዛል፣ ጭቃ ይመረጋል። መንደሩ ሲቃጠል ምርጊቱ እንደ ሸክላ ይጠነክርና የማገሩን አሻራ በውስጡ እንደያዘ ይቀራል፤ ቁራጩን ስታነሱት ጣታችሁ በቀጥታ የማገሩ ጎድጎዳ ላይ ይገባል።

በሐይቁ ግርጌ የቀሩት ግን በዋናነት ቋሚዎቹ ናቸው፤ በአንድ መንደር በሺህ የሚቆጠሩ። ከጭቃው በላይ ያለው ጫፍ በማዕበል ተበልቶ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾጧል፤ ከጭቃው በታች ያለው ግን ቅርፊቱን ሳይቀር ይዟል። ስለዚህ ናሙናው ከታች ይወሰድ።

አሠራሩ ይህ ነው። ቋሚው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቦታው ይለካል፣ ያዘነበለበት አቅጣጫ ይጻፋል፣ ሙሉ ግንድ ይሁን የተፈለጠ ይመዘገባል። ከዚያ በመጋዝ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ይቆረጣል። ከመጋዙ በፊት የውጭውን ጠርዝ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ለስላሳው የውጭ እንጨት በመጋዙ ንቅናቄ ከወደቀ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጥላችሁ ነው የመጣችሁት። ቁጥሩ በፕላስቲክ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ይታሰር። «ውሃ የማይለቀው» የሚባለውን ማርከር አትመኑ፤ በርሜል ውስጥ ስድስት ወር ሲዘፈዘፍ ብዙዎቹ ይለቃሉ። የተሳሳተ ቁጥር ብትሰጡ ሰርዙት እንጂ ለሌላ ቋሚ አትድገሙት።

ደረጃ 7፦ የጭቃው ባልዲ

አሁን ወደ እኔ ቦታ ደረስን።

ባልዲው ሲመጣ መጀመሪያ መጠኑ ይለካል፦ ልኩ የታወቀ ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ጨምሩትና ውሃው ስንት ሊትር እንደጨመረ አንብቡ። ይህ ከሌለ በኋላ «በአንድ ሊትር ጭቃ ስንት ዘር» ማለት አይቻልም፤ አንዱን ቤት ከሌላው ማወዳደርም ይቀራል። ከዚያ በተደረደሩ ወንፊቶች፣ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የጠበበ፣ በለሆሳስ ውሃ ይታጠባል። በጎማ ጫፍ ጣት ደግናችሁ ኃይል ያለው ውሃ አትልቀቁበት፤ ያልተቃጠለ ዘር ቅርፊቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ይፈርሳል። የጠነከረ ጭቃ ካለ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ።

ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ስታዩ መጀመሪያ ሁሉም ቡናማ ነው። ዓይን ሲለምድ ይለያያል። ጠፍጣፋ አብረቅራቂ ዘር ካያችሁ ተልባ ነው፣ እኛ የምናውቀው ተልባ፤ እነሱም ለዘይትና ለክር ያመርቱት ነበር፣ የተፈተለ ክሩና የመረቡ ቁራጭም ተገኝቷል። ከሱ በጣም የሚያንሰው፣ እንደ ማር እንጀራ ያለ ልብስ የለበሰ የሚመስለው ክብ ዘር ፖፒ የሚባለው አበባ ዘር ነው። ትንሽ ባለ ሁለት ጥርስ ሹካ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፦ የኤመር ስንዴ የዛላው መቀመጫ ነው። ይህ ስንዴ ሲወቃ ከገለባው አይለይም፣ መወቀጥ አለበት። አገራችን ውስጥ በባሌና በአርሲ ዛሬም ይዘራል፣ ስሙም አጃ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አጃ እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ኦትስ የሚባለው ሌላው እህል ቢሆንም። በሙቀጫ አጃ የሚወቅጥ ቤት ያደገ ሰው እነዚያን ሹካዎች ከእኔ ፈረንጅ ባልደረቦች ቀድሞ ያውቃቸዋል።

ከዚህ ሌላ ለሁለት ተከፍሎ ለስንቅ የደረቀ የጫካ ፖም፣ የሐዘል ለውዝ ቅርፊት፣ የዓሣ ቅርፊት፣ ከዛፍ ልጥ የተገመደ ገመድ ይመጣል። አንዳንዴ ጥቁር እንደ ማስቲካ ያለ ጉብታ ይገኛል፦ ከበርች ዛፍ ቅርፊት የተነጠረ ሙጫ ነው። መጥረቢያን ከእጀታ፣ ስለትን ከቀስት ያጣብቁበት ነበር፤ ያኝኩትም ነበር። የጥርስ አሻራ ያለባቸው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን በእጅ አታገላብጡ፤ የምራቅ ዘረ መል በውስጡ ሊኖር ስለሚችል በጓንት ይነሳ፣ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ።

ያልተቃጠለው ሁሉ እንደረጠበ በውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ከሰል ብቻ ነው በጥላ ሊደርቅ የሚችለው። «ደርቆ ይቀመጥ፣ ሽታው ያስቸግራል» የሚል ሰው ይመጣል። ይሸታል፤ ይሽተት።

ደረጃ 8፦ ቀለበቱን አንብቡ

ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ጥሩ ዓመት ሰፊ፣ መጥፎ ዓመት ጠባብ። በአንድ አካባቢ ያሉ ዛፎች ጥሩና መጥፎ ዓመታቸው ስለሚመሳሰል፣ የአዲስ ዛፍን ቀለበት ከአሮጌ ቤት ጣሪያ፣ የዚያን ደግሞ ከቀደመው ጋር እያጋጠሙ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። በመካከለኛው አውሮፓ ይህ ሰንሰለት ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ይዘልቃል። ዘዴው ዴንድሮክሮኖሎጂ ይባላል።

በተግባር፦ የቁራጩን ፊት በምላጭ አለስልሱ (ብርጭቆ ወረቀት እርጥብ እንጨትን ይቦጭቃል)፣ በአጉሊ መነጽር ሥር እያንዳንዱን ቀለበት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ለኩ፣ ግራፍ አውጡ፣ ከሰንሰለቱ ጋር አጋጥሙ። ከ50 ያነሰ ቀለበት ካለው ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ኮምፒዩተሩ የሚሰጠውን «ምርጥ ግጥምጥም» ዓይናችሁ ካላረጋገጠው አትቀበሉት።

ከቅርፊቱ በታች ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካለ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት፣ አንዳንዴም ወቅቱን ታውቃላችሁ። ከሌለ ግን «ከዚህ ዓመት በኋላ» ብቻ በሉ። በመካከለኛው አውሮፓ ኦክ የውጩ ነጭ እንጨት በአማካይ 20 ያህል ቀለበት አለው፤ ከሱ ጥቂቱ እንኳ ከቀረ ግምቱ ይጠባል። የጠረጴዛዬ ቁራጭ ለምን እንደቆጨኝ አሁን ይገባችኋል።

ከዚያ በተቆረጡበት ዓመት ቀለም እየሰጣችሁ ቋሚዎቹን ካርታው ላይ አስፍሩ። የነጥብ ደን የነበረው ወረቀት ድንገት ቤት ቤት ይሆናል። በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር፣ አርቦን ብላይሸ 3 የሚባለው መንደር በዚህ መንገድ ተነቧል፦ የመጀመሪያው ቤት በ3384 ቅ.ል.ክ. ተሠራ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ቤቶች ተጨመሩ፣ በ3370 አካባቢ ተቃጠለ። ከ20 የሚበልጡ ቤቶች ያሉት መንደር 15 ዓመት ያህል ኖሮ ጠፋ። ጽሑፍ ያልነበራቸው ሰዎች የሠፈር ታሪክ በዓመት ተቆጥሮ ሲነበብ፣ ስንት የተጻፈ ታሪክ ያለው ቦታ እንደሱ እንደማይነበብ ታስባላችሁ።

አንድ ነጠላ ቋሚ ግን መንደርን አይመሰክርም፤ አሮጌ እንጨት አንስተው ደግመው ይተክሉ ነበር።

ሰንሰለቱ እስከ እናንተ አካባቢ ካልደረሰስ? ሰሜን ግሪክ ውስጥ በካስቶሪያ ሐይቅ ያለው የዲስፒሊዮ መንደር መልሱን አሳይቷል። በ5259 ቅ.ል.ክ. ከፀሐይ የመጣ ኃይለኛ ጨረር በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 በአንድ ጊዜ ከፍ አደረገው፣ በዚያ ዓመት የበቀለ ቀለበት ሁሉ ይህን ምልክት ይይዛል። የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡድን ያን አንድ ቀለበት በዲስፒሊዮ እንጨቶች ውስጥ አገኘው፣ ከሱም ወዲህና ወዲያ ቆጠረ። ወደ 800 የሚጠጉት እንጨቶች ቦታቸውን ያዙ። ውጤቱ በ2024 ታተመ።

ቋሚን በማንበብ የሚደረገው ሌላው ስሕተት፣ ግኝቱን መጀመሪያ ያሳተመው የኬለር ነው። ቋሚዎቹን አይቶ ቤቶቹ ከውሃው በላይ በአንድ ሰፊ መድረክ ላይ እንደነበሩ ደመደመ፤ ያ ሥዕል ከመቶ ዓመት በላይ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አሸበረቀ። ዛሬ እንደሚታወቀው ብዙዎቹ እርጥብ በሆነ የሐይቅ ዳር ላይ የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ወለላቸው ከፍ ያለ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ። ቋሚ ስላያችሁ «ውሃ ላይ ኖሩ» አትበሉ። ንብርብሩን ጠይቁት፦ የሰው ንብርብር መሃል ቀጭን የሐይቅ ኖራ መስመር ካለ ውሃው መጥቶ ሄዷል።

ደረጃ 9፦ ረግረግና ወንዝ ከሆነ

ረግረግ ላይ ዋናው ነገር አለመርገጥ ነው። ከላይ ሳንቃ ተዘርግቶ በደረት ተኝተው ይሠራሉ፤ መሣሪያው ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይሁን፣ ብረት ለስላሳውን እንጨት ይፍቀዋል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ይረጭ። እንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ በ1970 የተገኘውና ስዊት ትራክ የሚባለው የሳንቃ መንገድ በ3807 እና 3806 ቅ.ል.ክ. መካከል በነበረው የብርድ ወቅት የተቆረጡ እንጨቶች እንዳሉበት የታወቀው፣ እንጨቱ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ስለወጣ ነው።

ወንዝ ተንኮለኛ ነው፤ ያመጣዋል እንጂ አያቆየውም። የገል ስብርባሪ ጠርዙ ከተድበለበለ ተንከባልሎ የመጣ ነው፣ ከቦታው አይደለም። ጠርዙ ስለት ከሆነ ግን ልብ በሉ። በእንግሊዝ ካምብሪጅሸር የሚገኘው መስት ፋርም በዝግታ በሚፈስ ወንዝ ላይ በቋሚ የቆመ መንደር ነበር፤ በ850 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ተቃጥሎ ሁሉም ነገር እንዳለ ቁልቁል ወደ ደለሉ ወደቀ። በ2015 እና 2016 ሲቆፈር ምግብ ያለበት ሳህን፣ ጨርቅና ክር፣ በየቤቱ የተሟላ የማሰሮ ስብስብ ተገኘ። እንጨቱ ገና እርጥብ ሆኖ ስለተቃጠለ መንደሩ አንድ ዓመት ያህል እንኳ እንዳልኖረ ታወቀ። የበግ ግልገሎቹ አጥንት ከ3 እስከ 6 ወር ዕድሜ ስለሚያሳይ፣ ግልገል በጸደይ ስለሚወለድ፣ እሳቱ የተነሳው በአውሮፓው በጋ መጨረሻ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ካጋጠማችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ በጥንቃቄ መዝግቡ፤ ወለሉ ላይ የነበረበትን ቦታ ሳይለቅ ቀጥ ብሎ ነው የወደቀው።

ደረጃ 10፦ ለማቆየት የተመረጠውን ማዳን

ሁሉም አይድንም፤ ሁሉንም ለማዳን ገንዘብ ያለው አገርም አላየሁም። ተለክቶ፣ ተስሎ፣ ቀለበቱ የተነበበ ተራ ቋሚ ሊጣል ይችላል። በር፣ መንኮራኩር፣ መጥረቢያ ከነእጀታው ግን ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። እዚያ በሴሉ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በሚባል ሰም መሰል ነገር ይተካል፤ ከዚያ በብርድ ይደርቃል። ለትንሽ ዕቃ ወራት፣ ለትልቅ ዓመታት ይወስዳል። ቫሳ የተባለችው የስዊድን መርከብ 17 ዓመት ተረጭቶባታል። የበጀት ሠንጠረዥ ስትሠሩ ይህን መስመር አትርሱ፤ ቁፋሮው አልቆ ገንዘቡም አልቆ በርሜል ውስጥ የቀረ ብርቅ እንጨት ብዙ አለ።

ደረጃ 11፦ ሸፍናችሁ ውጡ

ያልቆፈራችሁትን እንዳለ አትተዉት። የጀልባ ማዕበልና መልሕቅ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከጠረጉ፣ የሰው ንብርብሩ በልጆቻችሁ ዕድሜ ያልቃል። ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ የጨርቅ ንጣፍ (ጂኦቴክስታይል) ከላይ ይዘርጋ፣ በላዩ ጠጠር ይፍሰስ፤ ጠጠሩ እንጨቱ ላይ በቀጥታ አይውደቅ። የተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝም ይሸፈን፤ ማዕበል የሚገባው በዚያ ነው።

ከዚያ ጥቂት ዘንጎች ንጣፉ ዙሪያ ጭቃው ውስጥ ትከሉና ከጭቃው በላይ የቀረውን ርዝመት ጽፋችሁ ሂዱ። በየዓመቱ አንድ ጠላቂ ሜትር ይዞ ይውረድ። ዘንጉ ካለፈው ዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ከታየ ጭቃው በዚያ ወገን እየሄደ ነው፤ ለዚያ ወገን የሚበቃ ጠጠር የጫነች ጀልባ የብርዱ ወራት ሳያልቅ እንድትመጣ ደውሉ።